የኤሊያችን ዓይን አብጦ ተከድኗል፤ የቫይታሚን እጥረት ነው ወይስ ኢንፌክሽን?

የናሆም እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ ውሻና ስለ ድመት ብዙ ተጽፏል። ስለ ኤሊ ፈልጌ ፈልጌ ስላጣሁ ራሴ ልጀምረው ብዬ ነው።

የ9 ዓመት ልጄ የውሃ ኤሊ አለው። ከዓይኑ ጀርባ ቀይ መስመር ያለው፣ ሬድ ኢርድ ስላይደር የሚሉት ዓይነት። ልጁ ስሙን ቱርቦ ብሎታል፤ እናቴ ግን «ድንጋዩ» ነው የምትለው። አምና በሰመር ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ሄደን ከአንድ መንገድ ዳር ሱቅ በ10 ዶላር ገዛነው። ያኔ የቡና ሲኒ አፍ አይሞላም ነበር። ሻጩ ትንሽ የላስቲክ ሳጥንና አንድ ቆርቆሮ የደረቀ ሽሪምፕ ጨመረልንና «ይኼ ይበቃዋል» አለን። እኔም አመንኩት። እስከ ዛሬ የበላው እሱኑ ነው፤ አንዳንዴ ከኛ ሰላጣ ነጩን ቅጠል እንጥልለታለን።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ የዓይኑ ቆብ አበጠ። አሁን ሁለቱም ዓይኖቹ ጨርሰው ተከድነዋል፣ የተነፋ ሽንብራ ነው የሚመስሉት። በፊት እግሩ ያሻቸዋል። ምግብ ከቀመሰ 9 ቀኑ። የእንስሳት ዕቃ መሸጫ ሄጄ የዓይን ጠብታና ውሃው ውስጥ የሚጨመር ቫይታሚን ሰጡኝ፤ 30 ዶላር ወጣብኝ፣ ለውጥ የለም። እናቴ ደግሞ ጸበል ረጭታበታለች።

ጥያቄዬ፦ ቫይታሚን ነው የጎደለው? ከሆነ የልጆቹን መልቲቫይታሚን ፈጭቼ ብሰጠውስ? ልጁ ማታ ማታ እየተነሳ በባትሪ ያየዋል፤ እኔም አብሬው እንቅልፍ አጣሁ።

አራዳው

ኤሊም ቫይታሚን አነሰው? እኛ ሀገር በሽሮ ብቻ ያደግነውን ማን መረመረን ሃሃሃ።

ለቀልዱ ይቅርታ እህቴ፣ ለቱርቦ ምሕረቱን ያውርድለት።

የቆላ ሐኪም (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው፤ እዚህ የምሠራበት ክሊኒክ ደግሞ ከውሻና ከድመት ሌላ ወፍም፣ እባብም፣ ኤሊም ያያል። ሳላየው በሽታውን ልነግርሽ አልችልም። ነገር ግን የነገርሽን ታሪክ በየወሩ የምሰማው ታሪክ ነው።

ሁለቱም ዓይን እኩል ማበጡ፣ ምግቡ አንድ ዓይነት መሆኑ፣ ዕድሜው፣ ሁሉም ወደ ቫይታሚን ኤ እጥረት ያመለክታል። አንድ ዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቧጭሮ ይሆናል ወይም ተራ ኢንፌክሽን ነው እል ነበር።

ሰው ቫይታሚን ኤ ሲባል ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። የዓይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል፣ የእንባ ዕጢዎችን፣ የአፍንጫንና የሳንባን መንገድ፣ የኩላሊትን ቱቦዎች የሚሸፍነውን ለስላሳ ሽፋን ጤነኛ አድርጎ የሚያቆየው እሱ ነው። ሲጎድል ያ ሽፋን እንደ ጥፍር ይደርቃል። እየተላጠ የሚወድቀው ደግሞ የእንባ ዕጢዎቹን መውጫ ይደፍነዋል። መውጫ ያጣ ዕጢ ያብጣል። ከውጭ የምታዪው እብጠት ያ ነው። ጠብታው ያልሠራው ለዚህ ነው፤ ጠብታ ከላይ ያጥባል፣ የተደፈነው ከውስጥ ነው።

የውሃው ቫይታሚንስ ብትዪ፣ ቫይታሚን ኤ በስብ እንጂ በውሃ የሚሟሟ አይደለም። ደግሞም ኤሊው ከዚያ ገንዳ ስንት ጠጥቶ ነው የሚበቃው? ገንዘብሽን ውሃ ውስጥ ነው የጣልሽው፣ በጥሬው።

«እስከ ዛሬ ደህና ነበር እኮ» እንዳትዪ። ኤሊ ሲፈለፈል ከአስኳሉ የወሰደው ስንቅ አለው፣ ጉበቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት በሱ ይገፋል። ስንቁ ሲያልቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ይዞራል፦ የውሃ ኤሊ ምግቡን አይቶ ነው የሚይዘው፣ ካላየ አይበላም፣ ካልበላ ደግሞ ቫይታሚኑ ከየት ይመጣል?

የልጆቹን መልቲቫይታሚን እባክሽ ተዪው። ለ25 ኪሎ ልጅ የተለካ ነገር ነው።

አራት ነገር ንገሪኝ፦ ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? ከውሃ ወጥቶ የሚሞቅበት ደረቅ ቦታ አለው? ምን ዓይነት መብራት ነው ያለው? ከዓይኑ ኋላ፣ ጆሮው ባለበት በኩል ያበጠ ነገር አለ?

የናሆም እናት

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ዲግሪውን ለክቼ አላውቅም፣ የቧንቧ ውሃ ነው። ደረቅ ቦታ አንድ ድንጋይ አለው። መብራቱ የናሆም የጥናት መብራት ነው። ፀሐይ እንዲያገኝ ብዬ ሳጥኑን መስኮት ሥር አድርጌዋለሁ። ጆሮው በኩል አሁን በባትሪ አየሁት፣ ሜዳ ነው፣ ያበጠ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሃው ውስጥ ስለማያይ ብዬ አውጥቼ ሳህን ላይ ምግብ አስቀምጬለት ነበር፤ አፉን ይከፍትና ይዘጋል እንጂ አይውጥም። ጉሮሮው ታሞ ይሆን?

የቆላ ሐኪም (ቨርጂኒያ)

ጉሮሮው አይደለም። የውሃ ኤሊ ካለ ውሃ መዋጥ አይችልም። ምግቡን ከውሃ ጋር ስቦ ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባው። ደረቅ ሳህን ላይ ለሱ መብላት ለኛ ያለ እጅ እንጀራ እንደ መጉረስ ነው። ወደ ውሃው መልሺው።

ጆሮው ሜዳ መሆኑ ደስ ይላል። የዚሁ እጥረት ሌላው መልክ እዚያ ነው የሚወጣው። ከጉሮሮ ወደ መሐል ጆሮ የሚሄደው ቱቦ ሽፋኑ ሲደርቅ የአፍ ባክቴሪያ ይገባና መግል ይሞላል። የኤሊ መግል ደግሞ እንደ ሰው አይፈስም፣ እንደ አይብ ይረጋል። ያን ጊዜ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፣ ተቀዶ ነው የሚወጣው።

ለዛሬ ማታ፦ ውሃውን ሞቅ አድርጊ፣ 26 ወይም 27 ዲግሪ። ኤሊ የራሱ ሙቀት የለውም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሆዱ ሥራ ያቆማል፣ ምንም ብትሰጪው አይፈጭም። ነገና ከነገ ወዲያ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ተሳቢ እንስሳት የሚያይ ሐኪም ጋ ውሰጂው። 9 ቀን ያልበላ ትንሽ ኤሊ በቤት ሙከራ የሚቆይ አይደለም።

ሰሜን ነኝ (ስቶክሆልም)

ስለ መስኮቱ እኔ ልናገር፣ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ።

የኔ የምድር ኤሊ ናት፣ የሩሲያ ኤሊ የሚሏት ትንሿ። እዚህ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የቱርቦ ዘር ከ2016 ጀምሮ ከወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል፤ መሸጥም ማራባትም የለም፣ በፊት የነበረው ሰው ብቻ ኤሊው እስኪሞት ድረስ ይይዘዋል። እና እኔም መስኮት ሥር አድርጌያት «ፀሐይ እየሞቀች ነው» ብዬ ተኝቻለሁ። አንድ ቀን ሳነሳት የቅርፊቷ ጠርዝ በአውራ ጣቴ ሥር ተለመጠ። እንደ ላስቲክ ክዳን! እጄ ላይ የነበረው ስሜት እስከ ዛሬ አይለቀኝም።

ለካ ኤሊ ቫይታሚን ዲ3ን ቆዳዋ ላይ የምትሠራው ዩቪቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው፣ ከ290 እስከ 320 ናኖሜትር ባለው። የመስኮት መስታወት ደግሞ ብርሃኑን ያስገባል፣ እሱን ግን ያስቀራል። ዲ3 ከሌለ የበላችው ካልሲየም ከአንጀት አይነሳም። ሰውነት ካልሲየም ሲያጣ ከአጥንት ይበደራል፣ የኤሊ ቅርፊት ደግሞ አጥንት ነው። ስለዚህ ኤሊዋ የራሷን ቤት እየበላች ነበር ማለት ነው።

ደግሞ የዩቪቢ መብራት ገዝታችሁ ተገላገልን እንዳትሉ። ዓይናችሁ የሚያየው ብርሃን እንዳለ ሆኖ ጨረሩ ቀድሞ ይዳከማል። እንደ መብራቱ ዓይነት በ6 ወር ወይም በዓመት ይለወጣል። እኔ ፕላስተር ለጥፌ የገዛሁበትን ቀን እጽፍበታለሁ።

ዳላስ ነኝ

ሐኪም ጋ ስትሄጂ ግን ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ጠይቂ። የኔ የደረሰበትን ልንገርሽ።

የዛሬ አራት ዓመት የምድር ኤሊ ነበረኝ። ዓይኑ አበጠ። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ተሳቢ አዘውትረው የሚያዩ አልነበሩም። ሳይመዝኑት ቫይታሚን ኤ በመርፌ ወጉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንገቱና የእግሮቹ ቆዳ ተነሣ። መላጥ አይደለም የምላችሁ፣ የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ሰው ነው ሥጋው የታየው። ሌላ ሐኪም «ከመጠን በላይ የሆነ ቫይታሚን ኤ ነው» አለኝ። ሦስት ወር በየቀኑ ቁስል አጠብኩ። ዳነ፣ ግን እኔ አረጀሁ።

ዓይኑ ያበጠው ደግሞ በምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ሣር ብዬ ያነጠፍኩለት አቧራ ነበር።

የቆላ ሐኪም (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ ዳላስ፣ የጻፍከው ሁሉም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ሁለት ነገር ልጨምርበት።

አንደኛ፣ ቅጠልና ሣር የሚበላ የምድር ኤሊ ቫይታሚን ኤ የሚያጥረው ከስንት አንዴ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ሰውነቱ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ሞልቷል። ስለዚህ የምድር ኤሊ ዓይን ሲያብጥ መጀመሪያ አቧራ፣ ድርቀት፣ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ነው የሚፈለገው። በደረቀ ሽሪምፕና በነጭ ሰላጣ ያደገ የውሃ ኤሊ ሌላ ታሪክ ነው። «የኤሊ ዓይን አበጠ፣ ኤ ስጡት» የሚለው ምክር ለሁለቱ አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በስብ የሚሟሟ ቫይታሚን ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ሲ ወይም ቢ ቢበዛ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ኤ እና ዲ ግን መውጫቸው ጠባብ ነው። ዲ3 ሲበዛ ካልሲየሙ ኩላሊትና የደም ሥር ላይ ሄዶ ይጋገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሚዛን፣ ከዚያ መርፌ። ወይም በአፍ፤ በአፍ የሚሰጠው ቀስ ይላል፣ አደጋው ግን ያንሳል።

የሳሪስ ሰው (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልን። ከሀገር ቤት ነኝ። የኔ ጥያቄ ሁለት ነው።

እኛ ሰፈር ድሮ ዳፍንት የያዘው ሰው ጉበት ይብላ ይባል ነበር። አሁን ደግሞ ጤና ጣቢያ ለሕፃናት የሚሰጡት የቫይታሚን ኤ እንክብል አለ፣ ጫፉ ተቆርጦ አፋቸው ውስጥ የሚጨመቀው። ለኤሊም ያው ዓይን ከሆነ፣ ጉበቱ ወይም እንክብሉ አይሠራም?

ሁለተኛው፣ ግቢያችን ውስጥ ትልቅ የምድር ኤሊ አለ፣ ቢጫ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ ያለበት። የአጎቴ ልጅ ሹፌር ነው፣ ከቆላ ሲመለስ ልጆቹ ይደሰቱ ብሎ አመጣው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ የተረፈ ሩዝ ይበላል። ፍርፍር ሲሸተው ከግቢው ጥግ ይመጣል። ግን ቅርፊቱ ጉብ ጉብ እያለ ነው፣ የኋላ እግሩንም መጎተት ጀምሯል። ቫይታሚን ከየት ልግዛለት?

የቆላ ሐኪም (ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ የጉበቱ ነገር እውነት አለው። አያቶቻችን ቫይታሚን የሚለውን ቃል ሳይሰሙ መድኃኒቱን አግኝተውታል፤ ቫይታሚን ኤ የሚከማችበት ቦታ ጉበት ነው። ለውሃ ኤሊም በሁለት ሳምንት አንዴ የጥፍር ታህል ጥሬ ጉበት አይጎዳም። ለእርስዎ የምድር ኤሊ ግን ሥጋ አይሆነውም።

እንክብሉን ግን በፍጹም። ሰማያዊው ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት 100,000 ዩኒት ነው፣ ቀዩ ከዓመት በላይ ላሉት 200,000። ሐኪም ለኤሊ የሚያሰላው በኪሎ 2,000 ዩኒት ገደማ ነው። ቱርቦ 130 ግራም ቢመዝን 260 ዩኒት ማለት ነው። ሰማያዊው እንክብል የሱን ከ380 እጥፍ በላይ ይሆናል። ዳላስ የጻፈውን ያስታውሱ።

አሁን ወደ እርስዎ ኤሊ። እርስዎ ቫይታሚን መግዛት አያስፈልግዎትም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ስቶክሆልም ያለው ወንድማችን በገንዘብ የሚገዛው ጨረር እርስዎ ግቢ በነፃ ይፈሳል። የጎደለው ምግቡ ነው። እንጀራም ዳቦም ሩዝም እህል ነው። እህል ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ይበዛል፣ ለኤሊ የምንፈልገው ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው፤ ካልሲየሙ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ያ ኤሊ ቆላ ሳለ ሣርና ውሃ የያዘ ተክል ነበር የሚግጠው። ሣር ይስጡት፣ በብዛት። የበለስ ቅጠል (ፍሬውን ሳይሆን ወፍራሙን አረንጓዴ) እሾሁን አንስተው ይቁረጡለት፤ በካልሲየም የታወቀ ነው፣ በዓለም ላይ ኤሊ የሚያረባ ሁሉ ይፈልገዋል። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ አድርቀው፣ አልመው ይነስንሱበት።

ሌላው ነገር ብርድ ነው። አዲስ አበባ ፀሐይ አለ እንጂ ሙቀት የለም። የቆላ እንስሳ በክረምት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ካደረ የበላውም አይፈጭለትም። ሣር የተጎዘጎዘበት ሳጥን ያዘጋጁለት፣ ማታ ቤት ይግባ።

እግሩን መጎተቱ ግን በሣርና በበለስ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የአጥንቱ ችግር ርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይየው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማኖር እንደማይቻልም ያውቃሉ፣ ስለዚህ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማነጋገሩ ይሻላል። መኪና ላይ ጭነው ባገኙት ሜዳ መልቀቅ ግን እንዳያስቡ፤ በዚህ አካሉ አይኖርም።

የሳሪስ ሰው (አዲስ አበባ)

ተባረክ ልጄ። ፍርፍሩን ማን ያስተወው ይሆን፣ እሱ ነው ጭንቁ።

አራዳው

ጋሼ፣ ኤሊዎ ዲቪ ሳይሞላ ከኛ የተሻለ ኑሮ እየኖረ ነው።

የናሆም እናት

ሐኪም ጋ ሄድን። እንደ ቅመም መመዘኛ ባለች ትንሽ ሚዛን መዘነችው። ዶክተር፣ 130 ግራም! በአንድ ግራም እንኳ አልተሳሳቱም። አፉን ከፈተች፣ ጆሮውን ዳሰሰች፣ ሆዱን ገልብጣ ጠርዙን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገች። ቅርፊቱ ገና ጠንካራ ነው አለች። ከዚያ ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ዓይኑን እያጠበች በጥጥ ጫፍ ከቆቡ ሥር ነጭ ነገር አወጣች። ልክ የአይብ ፍርፋሪ! ናሆም ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የእባብ ሥዕል ማየት ጀመረ።

መርፌውን የፊት እግሩ ላይ ነው የወጋችው። ዳላስ ባለው መሠረት «ስንት ዩኒት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ወረቀት ላይ አስልታ አሳየችኝ። ፈሳሹ የጤፍ ፍሬ አያህልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አይታ ትወስናለች፣ ዓይኑ ላይ የሚቀባም ሰጠችን።

ስለ ገዛንበት ሱቅ ስነግራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ለካ እዚህ አሜሪካ ቅርፊቱ ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊ መሸጥ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ልጆች ትናንሾቹን አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ይታመሙ ነበር። እኔ ደግሞ ሳጥኑን የማጥበው ወጥ የምሠራበት ሲንክ ውስጥ ነበር። የዚያን ቀን ማታ ሲንኩን በበረኪና ሁለቴ ፈገፈግኩት። አሁን የሱ ባልዲ ለብቻው ነው፣ ናሆምም ሳይታጠብ እጁን የትም አያደርግም።

ውሃ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ የዩቪቢ መብራት ገዛሁ። የ10 ዶላሩ ኤሊ እስካሁን 340 ዶላር በልቷል፣ አፉን ሳይከፍት።

አሁን ምን ላብላው? ሐኪሟ የኤሊ ደረቅ ምግብና አረንጓዴ ቅጠል ብላኛለች። የኛ ጎመን ይሆናል?

ሰሜን ነኝ (ስቶክሆልም)

ጎመን ተጠንቀቂ፣ እንቅርት ያመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የቆላ ሐኪም (ቨርጂኒያ)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የጎመን ዘሮች ሰውነት አዮዲንን እንዳይወስድ ያውካሉ፤ ግዙፎቹ የምድር ኤሊዎች ላይ እንቅርት ታይቷል። ግን ያ ሌላ ሳይቀላቀል ጎመን በጎመን ሲሆን ነው። የአበሻ ጎመን በካልሲየምም በቤታ ካሮቲንም ከዚያ ነጭ ሰላጣ ጋር አይወዳደርም፤ ነጩ ሰላጣ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ገንዳው ውስጥ አለለት። ዛሬ ጎመን፣ ነገ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ከነገ ወዲያ ዱባ ወይም ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች። ቀዩ ቃሪያ፣ የማያቃጥለው፣ በጣም ጥሩ ነው። ቆስጣና ስፒናች ላይ እጅሽ አይብዛ፣ ውስጣቸው ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ይዞት ይወጣል።

ሁሉም ጥሬውን፣ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት። ቂቤ እንዳትጨምሪበት ደግሞ።

መሠረቱ ግን እንደ ሬፕቶሚን ያለው ለውሃ ኤሊ ተብሎ የተሠራ ምግብ ይሁን። ገና ልጅ ስለሆነ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ ሲያድግ ቅጠሉ ይበዛል። የደረቀውን ሽሪምፕ አልፎ አልፎ እንደ ከረሜላ ስጪው። ከገበያ ትናንሽ ወርቃማ ዓሣ እየገዛችሁ የምትሰጡ ካላችሁ፣ እሱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ሲዘወተር ኤሊውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ነርቩን ይነካል።

የቫይታሚን ዱቄትም የሚነሰነሰው ለምድር ኤሊ ነው። የውሃ ኤሊ ምግብ ላይ ብትነሰንሺ ውሃው ያጥበዋል። ሐኪሟ ካዘዘች ከምግቡ ጋር ጀላቲን ውስጥ አርግተሽ ቆራርጠሽ ስጪ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

የናሆም እናት

ከመጀመሪያው መርፌ 11ኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት የግራ ዓይኑ በክር ውፍረት ተከፈተ። ናሆም ነው ያየው፤ ትምህርት ቤት ልንሄድ ጫማ እያሰረ «ማሚ አየኝ! አየኝ!» ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም አርፍደናል።

አልበላም ግን። ካሮቱ አጠገቡ ይንሳፈፋል፣ ዝም ይለዋል።

የቆላ ሐኪም (ቨርጂኒያ)

ጥሩ ነው። በአፍንጫውም ይፈልጋልና ለጊዜው ሽታ ያለው ነገር ሞክሪ፦ የጥፍር ታህል ጉበት፣ ወይም ደረቅ ምግቡን የቱና ውሃ ውስጥ ነክረሽ (ጨው የሌለበትን ቱና)። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርገሽ እዚያ አብዪው፣ ዋናው ገንዳ አይበላሽም፣ ምግቡም አይርቀውም። በአፉ እየገፋችሁ እንዳትሰጡት።

የናሆም እናት

በላ!!!

ቱናው ነው የሠራው። መጀመሪያ አንገቱን አወጣ፣ ከዚያ ቆመ፣ እኛም ትንፋሻችንን ያዝን። ድንገት ነከሰው፣ በሁለት የፊት እግሩ እየቀደደ። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሟ ስታየው ቀኙም ተከፍቶ ነበር፤ ሁለተኛ መርፌ አያስፈልገውም፣ ከእንግዲህ ከምግቡ ያግኝ አለች። ትናንት ጎመን በላ፣ የጠርዙን ጅማት ትቶ ለስላሳውን ብቻ።

እናቴ ጸበሉ ነው ያዳነው ትላለች፤ እኔም አልተከራከርኳትም። ግን እሷም አሁን ጎመን ስትከትፍ አንዷን ቅጠል ሳታጥፍ ለ«ድንጋዩ» ታስቀምጣለች። መብራቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈናል፣ ቀኑን የጻፈው ናሆም ነው፣ በአማርኛ ቁጥር እጽፋለሁ ብሎ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

የሳሪስ ሰው (አዲስ አበባ)

እልል በሉ! የኔውን ሐኪም አየው፣ የካልሲየም መድኃኒት ታዞለታል። በለሱን በላ፣ ፍርፍሩን ግን ሲያጣ የወጥ ቤቱን በር በቅርፊቱ ይደበድባል። ባለቤቴ ተሸንፋ ልትሰጠው ስትል ነው የያዝኳት።

አራዳው

ጋሼ፣ እኔም ፍርፍር ሲከለክሉኝ እንደዚያው ነኝ።

የቆላ ሐኪም (ቨርጂኒያ)

የናሆም እናት፣ አሁን በየሳምንቱ መዝኑት። ዓይኑ ቢከፈትም ክብደቱ ካልጨመረ ሐኪሟ ማወቅ አለባት። የመጨረሻው ስንት ነበር?

የናሆም እናት

አሁኑኑ መዘነው። 138 ግራም። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ሸናበት፣ እንደገና ስንመዝነው 136።